ከድሬ ጠያራ የመጣው ረቂቅ፦ በነገረ መለኮት ኮሌጆቻችን የጽሑፍ ትምህርት ላይ የቀረበ ሂስ

በሐረሪ ክልል በድሬ ጠያራ ወረዳ የሚያገለግል አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ባለፈው ዓመት በቴሌግራም አንድ ረቂቅ ላከልኝ። «መምህር፣ ሽማግሌዎች ከማየታቸው በፊት እርስዎ ይዩልኝ» ይላል ከሥሩ የጻፈው ቃል። ስለ ረቂቁ የምጽፈው በእሱ ፈቃድ ነው፤ የሰዎቹን ማንነት የሚጠቁመውን ግን ትቻለሁ።

ድሬ ጠያራ ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የገጠር ወረዳ ነው። ስሙ በኦሮምኛ የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። ኑሮው ማሽላና ጫት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በሐረሪ ክልል ከተቆጠረው 183,415 ሕዝብ ውስጥ ሙስሊሙ 69 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ፕሮቴስታንት ተብሎ የተመዘገበው 3.4 በመቶ ብቻ ነበር። እንግዲህ በዚያ ያለች ጉባኤ የምትጽፈውን ነገር ከአባላቷ ይልቅ ጎረቤቶቿ በዝተው ይሰሙታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌታን ከተቀበለ ዓመት ያልሞላው አንድ አባወራ ለሽማግሌዎች ጥያቄ አቀረበ፤ የጫት ማሳዬን ልንቀለው ወይስ ልያዘው? መቃሙን ትቷል፤ በዚህ ላይ በጉባኤው ክርክር የለም። ማሳው ግን ሌላ ነው። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም በየጊዜው ይገባል። በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የልጆቹ ደብተር፣ የእናቱ መድኃኒት፣ የማዳበሪያው ዕዳ ከዚያ ይወጣል። በዚያ ላይ ማሳው የአባት ውርስ ነው፤ ከሙስሊም ወንድሙ ጋር ድንበር ይጋሩበታል። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን «ሌላውን የሚያደነዝዝ ነገር እያመረተ እንዴት ጌታን ያመልካል?» አለ፤ ሌላው «ንቀል ብለን ካዘዝነው ማን ሊያበላው ነው?» አለ። በመጨረሻ የጉባኤውን ቃል በጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ኮሌጅ የገባው አገልጋይ ተመረጠ። ደብዳቤው ለአባወራው ይሰጣል፤ ወንድሙም ይሰማዋል፤ በጉባኤም ፊት ይነበባል።

ረቂቁ ሰባት ገጽ ነበር። «የጥናቱ መነሻ» ብሎ ይጀምርና ወደ «የችግሩ መግለጫ»፣ ከዚያም ወደ «የጥናቱ ጠቀሜታ» እና «የጥናቱ ወሰን» ያልፋል። በሦስተኛው ገጽ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ይመጣል፤ ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ አራት ምሁራን ያሉት በተርታ ተቀምጧል። በአምስተኛው ገጽ የጫት ሳይንሳዊ ስም አለ። ሰባተኛው ገጽ በርዕሰ ጉዳዩ ላይ ተጨማሪ ጥናት ቢደረግ መልካም እንደሚሆን ያሳስባል። የአባወራው ስም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜም አልተጠራም።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ይህን ልጅ የክርስቲያን ሥነ ምግባር ያስተማርኩት እኔ መሆኔን አስታወስኩ። የሰጠሁትም «ኤ» ነው።

አገልጋዩ ሰነፍ አይደለም፤ የሚለውም አያጣም። ያደረገው የተማረውን ነው። በኮሌጅ ቆይታው ረዘም ያለ ነገር አስቦ እንዲጽፍ የታዘዘው አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻው ዓመት፣ ለመመረቂያ ብቻ ነበር። ስለዚህ «በጽሑፍ አቅርብ» ሲባል በአእምሮው የሚመጣለት መልክ ያ ብቻ ነው። አንድ ልብስ ብቻ ያለው ሰው ለሠርግም ለለቅሶም ያንኑ ይለብሳል።

በነገረ መለኮት ኮሌጆቻችን ጽሑፍ ቤቱ የት ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ አሳፋሪ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የእንግሊዝኛ ኮርስ ውስጥ ስለ አንቀጽና ስለ ግስ ጊዜ ይነገራል። ወደ መጨረሻው የምርምር ዘዴ የሚባል ኮርስ ይመጣና ስለ ኅዳግ ስፋትና ስለ ግርጌ ማስታወሻ ያስተምራል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ዝምታ ነው። የብሉይ ኪዳን መምህሩ መጻፍን ማስተማር የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ ነው ይላል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ደግሞ ስለ ኢሳይያስ ምን አገባኝ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ በመካከል ግን ተማሪው ኖት ይገለብጣል። መምህሩ ያስጽፋል ስንል እኮ በአብዛኛው ቃል በቃል እየነገረ ያስገለብጣል ማለታችን ነው፤ ቋንቋችን ራሱ አጋልጦናል።

ጉድለቱ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወደ ኮሌጅ የሚመጣልን ወጣት አሥራ ሁለት ዓመት የተዘጋጀው ለምርጫ ጥያቄ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አንድም አንቀጽ አያስጽፍም፤ እንዲያም ሆኖ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም እንዲሁ የምርጫ ፈተና ነው። በ2012 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ ሁለት የእንግሊዝኛ ክሂል ኮርሶች ገብተዋል፤ የሎጂክና የሂሳዊ አስተሳሰብ ኮርስም አለ። መልካም ነው። ይሁን እንጂ የመጻፍን ጉዳይ በአንድ ኮርስ ውስጥ አስገብቶ መዝጋት ሌሎቹን መምህራን ሁሉ ነፃ ማውጣት ነው፤ እኛም በኮሌጆቻችን የወረስነው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። መጻፍ አንድ ችሎታ ሆኖ አንዴ ተምረውት በየትምህርቱ የሚሸከሙት ዕቃ አይደለም። የትርጓሜ ጽሑፍ በአንድ ቃል ላይ መቆም ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ክፍሉ የማይለውን እንዲናገር እንዳያስገድደው መታገሥ አለበት። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ምስክሮችን መመዘን ነው፤ ማን አየ፣ ማን ከማን ሰማ፣ መቼ ተጻፈ። ሥነ ምግባር በመጨረሻ ውሳኔ ላይ መድረስ አለበት፤ ውሳኔውም ማንን ምን እንደሚያስከፍል መናገር አለበት። የምክር አገልግሎት ማስታወሻ ደግሞ የሰሙትን ሳይፈርዱ፣ ምስጢሩንም ሳያወጡ መጻፍ ነው። እነዚህን የእንግሊዝኛ መምህሩ ከየት አምጥቶ ያስተምራቸዋል? የየትምህርቱ መምህር ካላስተማራቸው ተማሪው የሚያውቀውን አንድ ዓይነት ይዞ በሁሉ ይገባል፤ የሚያውቀውም ስብከት ነው። የታሪክ ወረቀት ስጠው፣ ሦስት ነጥብ ያለው ስብከት ይጽፍልሃል፤ ነጥቦቹም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ስለ ኒቂያ ጉባኤ «ከኒቂያ የምንማራቸው ሦስት ነገሮች» የሚል ወረቀት ስንት ጊዜ አርሜአለሁ!

በመጨረሻው ዓመት ይህ ሁሉ በመመረቂያ ጽሑፍ ይሸፈናል። የመመረቂያው ቅርጽ ከማኅበራዊ ሳይንስ የተወሰደ ባለ አምስት ምዕራፍ ነው፤ ለአንድ የገበያ ጥናት ይስማማ ይሆናል። ለትርጓሜ ግን አይስማማም። ስለ ፊልሞና መልእክት በተጻፈ ሥራ ላይ «የናሙና አመራረጥ» የሚል ንዑስ ርዕስ አይቼ ተማሪውን ጠየቅሁት፤ «ቅርጹ ላይ ስላለ ነው፣ መምህር» አለኝ። እኔም በበኩሌ ንጹሕ አይደለሁም። ለዓመታት ሐሳቡን ሳይሆን ጠርዙን ሳርም ኖሬአለሁ፤ ኅዳጉ ሲጠብ ቀይ እስክሪብቶ አነሣለሁ፣ ክርክሩ ሲጠብ ግን አልፈዋለሁ። ጠርዝ ማረም ቀላል ነው፤ ከተማሪው ጋር አያከራክርም።

በውጭው ዓለም ይህን ጥያቄ ቀደም ብለው አንስተውታል። በእንግሊዝ ጄምስ ብሪተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት ከ11 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ለልዩ ልዩ ትምህርቶች የጻፏቸውን ሁለት ሺህ ያህል ጽሑፎች መረመሩ። ግማሽ ገደማው የተጻፈው ለፈታኝ ነበር፤ ማለትም መልሱን አስቀድሞ ለሚያውቅና ስሕተት ለሚፈልግ ሰው። በአሜሪካ ጃኔት ኤሚግ እ.ኤ.አ. በ1977 መጻፍ የተማሩትን ማሳያ ብቻ ሳይሆን ራሱ መማሪያ መንገድ ነው ብላ ተከራከረች። በዚያው ዘመን ባርባራ ዎልቮርድ፣ ኢሌን ሜይሞንና ቶቢ ፉልዊለር በየኮሌጆቻቸው የታሪኩንም የሳይንሱንም መምህር ሰብስበው ተማሪን በየትምህርቱ እንዴት ማስጻፍ እንደሚቻል ማወያየት ጀመሩ። ከዚያ የተነሣው እንቅስቃሴ ዛሬ በብዙ ኮሌጆች ሥር ሰዷል።

ይህን እንዳለ አምጥተን እንትከለው የሚሉ ወገኖች አሉ። አልስማማም። አንደኛ፣ እንቅስቃሴው ተማሪው በሚጸልይበት ቋንቋ ይጽፋል ብሎ ያስባል፤ የእኛ ተማሪ ግን እንዲህ አይደለም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ የግል ማስታወሻን በጣም መውደዱ ነው። ተማሪው የተሰማውን በነፃነት እንዲጽፍ፣ ራሱን እንዲገልጽ ይበረታታል። በፈተና ለደነዘዘ የለንደን ልጅ ይህ መድኃኒት ነበር። እኛ ግን ምስክርነት አላነሰንም። ተማሪዎቻችን ስለ ራሳቸው መናገር ይችላሉ፤ ልብ በሚነካ መንገድ ይናገራሉም። የጎደላቸው ስለ ሌላው ሰው፣ ለሌላው ሰው መጻፍ ነው። ከብሪተን ብንወስድ የምንወስደው ያችን አንዲት ጥያቄ ነው፤ ይህ የተጻፈው ለማን ነው?

አሁን ወደ ቋንቋው። የድሬ ጠያራው አገልጋይ መጻሕፍቱን በእንግሊዝኛ ያነብባል፣ ትምህርቱን በአማርኛ ሰምቷል፣ የሚሰብከው በኦሮምኛ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪኛና ኦሮምኛ ናቸው። ረቂቁን የላከልኝ ግን በአማርኛ ነው፤ ለምን ብዬ ብጠይቀው «ጽሑፍ ስለሆነ» አለኝ። በዚህ መልስ ውስጥ ስንት ዓመት እንዳለ አስቡት። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1899 የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያወጣ በግእዝ ፊደል ነበር የታተመው። ዛሬ ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል። በአንዲት ጉባኤ ውስጥ ኦሮምኛን በፊደል እንጂ በቁቤ ማንበብ የማይሆንላቸው አረጋውያን አሉ፤ በቁቤ እንጂ በፊደል የማያነቡ ወጣቶችም አሉ። ደብዳቤው በምን ቋንቋ፣ በየትኛው ፊደል ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ራሱ የእረኝነት ጥያቄ ነው፤ በየትኛውም ኮርሳችን አልተነሣም። እንግሊዝኛ ይቅር አልልም፤ ቤተ መጻሕፍታችን በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው አንብቦ መረዳት አለበት። ግን በእንግሊዝኛ ያነበበውን በሚያገለግልበት ቋንቋ ጽፎ እንዲያመጣ ማድረግ ይቻላል። እንዲያውም ያነበበው ገብቶት እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። «ጽድቅ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ቃሉ አንድ ገጽ ሙሉ ሲጠቅስ የነበረ ተማሪ፣ ለአክስትህ በኦሮምኛ አስረዳት ሲባል እስክሪብቶው ይቆማል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ከሩቅ ለምን እንበደራለን? የአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ንባብን እንጂ ጽሕፈትን ለሁሉ አላስተማረም፤ ቁም ጽሕፈት ለብቻው የሚማሩት ሙያ ነበር፤ ጸሐፊም አንዳንዴ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ወንጌላውያን ይህን እየጠቀስን መተቸት እንወዳለን። ነገር ግን ቅኔ ቤቱን ልብ አላልነውም። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ያርመዋል። የሌላውን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አወጣጡ ነው። የሚጀምረው ባለ ሁለት ቤት በሆነው በጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ሦስት ቤት፣ ከዚያ እየረዘመ ሄዶ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ይደርሳል። ሁለት መስመር ሳይሞላለት ስምንት አይሰጠውም። እኛ ደግሞ? ለዓመታት ምንም፣ ከዚያ በድንገት ስድሳ ገጽ! ተማሪው ከሌላ ሰው ሥራ ቢገለብጥ እንቆጣለን፤ ግን ጉባኤ ቃናውን ሳናሳየው መወድስ የጠየቅነው እኛ ነን። የሐረር ልጆችም በቁርኣን ቤት ከእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ነው የተማሩት፤ የጀጎል ግንብ ውስጥ የእጅ ጽሑፍና የመጽሐፍ ጥረዛ ጥበብ ለዘመናት ኖሯል። ከተማይቱ ለእኛ ለአዲስ መጤዎቹ የምታስተምረን አላጣችም።

የራሳችንም ቤት ባዶ አይደለም። ከኢትዮጵያ ወንጌላውያን የወጣና በዓለም አብያተ ክርስቲያናት የተነበበ የነገረ መለኮት ጽሑፍ ጥቀስ ብባል መጀመሪያ የምጠራው የመመረቂያ ጽሑፍ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት ስላላቸው ግንኙነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ነው። መነሻው የገንዘብ ጉዳይ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣው እርዳታ ለልማት ይበዛል፣ ለስብከት ያንሳል፤ ሰውንም ሥጋና ነፍስ ብሎ ይከፍላል። ጽሑፉ ግን ስለ በጀት ሲናገር ስለ ሰው ማንነት፣ ስለ ሚስዮን ታሪክ፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ1974 በዚሁ ጉዳይ በናይሮቢ ጉባኤ ተደረገ። ኢኮኖሚው፣ ታሪኩና ነገረ መለኮቱ በአንድ ደብዳቤ ተገናኙ፤ ምክንያቱም ጸሐፊዎቹ የሚጽፉለትን ያውቁ ነበር፣ መልስም ይፈልጉ ነበር። ሴሚናሪዎቻችን ይህን ደብዳቤ በሚስዮን ኮርስ ያስነብባሉ። እንዴት እንደተጻፈ የሚያስተምር ኮርስ ግን አላየሁም።

ፊልሞናም እንደዚያው ነው። ሃያ አምስት ቁጥር ብቻ ነው። ጳውሎስ ሰውየውን በስሙ ይጠራል፤ በቤቱ ያለችውን ጉባኤም አብራ እንድትሰማ ያደርጋታል፤ ዕዳውን በራሱ ላይ ይጽፋል፤ ማዘዝ እየቻለ ይለምናል። ነገረ ክርስቶሱን፣ ሕጉንና ምክሩን በየርዕሱ አልከፋፈለም። ይህን መልእክት ለትርጓሜ ኮርስ እንሰጠዋለን፤ እንደ ጽሑፍ አርአያ ግን አናየውም።

እኔ ካለፉት ዓመታት ወዲህ የሞከርኩትን ልናገር፤ አልተሳካልኝም ማለት የሚቻልበትም አለ። በሥነ ምግባር ክፍል በየሳምንቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ አስጽፋለሁ፤ ጉባኤ ቃናዬ ነው። መምህሩ እየሰበከም እያስተማረም ነው፣ አርባ ወረቀት መቼ ያርማል የሚለው ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ግን ይታረማል፤ ከፊሉንም በቃል፣ ተማሪው ቆሞ ሲያነብብ አርማለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ግማሹ ክፍል ከጓደኛው ገለበጠ፤ ሌላው ከስልኩ። (በሐረርጌ ጫት አስቸግሮናል ስንል ቻትጂፒቲ ተጨመረ።) ቁጣዬ ምንም አልጠቀመም። የጠቀመው ጥያቄውን መለወጥ ነው። «ስለ ሀብት የመጽሐፍ ቅዱስ አስተምህሮ ምንድን ነው?» የሚለውን ስልኩ ይመልሰዋል። «ባለፈው ገበያ ቀን ጫት የሸጠ የጉባኤህ አባል አሥራቱን ሲያመጣ ምን ትለዋለህ? ለእሱ ጻፍለት» የሚለውን ግን ራሱ ማሰብ አለበት። የታሪክ መምህሩ ባልደረባዬም ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ጋር የድሬ ጠያራን ስም ያዘ፤ የማን አውሮፕላን፣ መቼ አረፈ? ሦስት ሽማግሌ ጠይቀው ሦስት ዓይነት ታሪክ ይዘው መጡ። ስለ አራቱ ወንጌላት አመጣጥ፣ ሉቃስም ለቴዎፍሎስ ሲጽፍ በጥንቃቄ መመርመሩን ለምን እንደጠቀሰ ከዚያ በኋላ የተደረገው ውይይት ከኖት ሁሉ በለጠ። ሌሎቹ ባልደረቦች ግን እስካሁን አልገቡበትም። ይዘት ይጎድልብናል ይላሉ፤ የሚሸፈነው ምዕራፍ ይቀንሳል። ይቀንሳል፤ እውነት ነው። እኔ ከአሥራ ሁለት ምዕራፍ ወደ ስምንት ወርጃለሁ፤ ከቀሩት ውስጥም የምቆጭበት አለ።

ወደ ረቂቁ ልመለስ። በእጄ አላረምኩትም፤ ደወልኩለት።

«ለማን ነው የጻፍከው?» አልኩት።

«ለጉባኤው።»

«ጉባኤው ጫት አለው?»

ዝም አለ። ከዚያ «የለውም፣ መምህር» አለ።

«እንግዲያስ ጫት ላለው ሰው ጻፍ። በስሙ ጥራው። በምትጸልይለት ቋንቋ ጻፍለት።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው ሁለት ገጽ ነበር፤ በኦሮምኛ። የሚጀምረው በአባወራው ስምና ለሽማግሌዎች በነገራቸው ነገር ነው፤ ሰምተንሃል ለማለት። ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ የተስማሙበትንና ያልተስማሙበትን ሳይሸፍን ይናገራል። 1ኛ ቆሮንቶስ 8 አሁንም አለ፤ አራቱ ምሁራን ግን ሄደዋል፤ የቀረው እውቀት ያለው ሰው ስለ ደካማው ወንድሙ ምን ያደርጋል የሚለው ብቻ ነው፤ ደካማው ማን እንደሆነም ለመፍረድ አልቸኮለም። ዘንድሮ ማንም እንዲነቅል አያስገድደውም፤ የማሳውን ጥግ ወደ ድንችና ሽንኩርት ለመለወጥ ቢፈልግ ለዘሩ ጉባኤዋ ከፍላ ታግዘዋለች ይላል። ስለ ወንድሙ ማሳ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ በአክብሮት።

ከዚያ በኋላ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ጉባኤዋ ራሷ ለዓመታት ከጫት ሽያጭ የመጣ አሥራት ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ ስትቀበል መኖሯን፣ ስለዚህ ይህ ጥያቄ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን ጽፏል። በሰባቱ ገጽ ውስጥ ይህ አልነበረም። ከየት አመጣኸው ብዬ ብጠይቀው «ስሙን ጽፌ ስቀጥል እኛስ ብዬ አሰብኩ» አለኝ።

ሽማግሌዎቹን ያስቆጣቸው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስት ምሽት ተከራከሩበት። አንደኛው ይውጣ አለ፤ ሌላው ከወጣ አልፈርምም አለ። በመጨረሻ አንድ ቃል ተለውጦ ቆየ፤ የትኛው ቃል እንደሆነ አልነገረኝም።

አባወራው ማንበብ አይችልም። ደብዳቤውን ያነበበችለት ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጁ ናት፤ ወንድሙም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሰምቷል፤ በኋላም ቅጂ ይሰጠኝ ብሎ ጠይቋል። ጫቱ እስካሁን አልተነቀለም። የማሳው ጥግ ላይ ሽንኩርት ተተክሏል፤ የአሥራቱ ጉዳይ ደግሞ ለሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ በአጀንዳ ተይዟል፤ ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው ያው አገልጋይ ነው።